ቡና፣ ቀህዋ እና ከፋ፦ የአንድ መጠጥ ስሞች አመጣጥ ዳሰሳ

በዓለም ዙሪያ ቡና የሚጠጡ ሕዝቦች መጠጡን ወይም ፍሬውን የሚጠሩባቸው ቃላት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከሁለት ምንጮች ከአንዱ የተቀዱ ናቸው። አንደኛው በአፍሪቃ ቀንድ፣ በየመንና በምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ የሚሰማው የ«ቡን» ቤተሰብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዐረብኛው «ቀህዋ» ተነሥቶ በቱርክኛ በኩል ወደ አውሮፓ፣ ከአውሮፓም በንግድና በቅኝ ግዛት መርከቦች ወደ ሩቅ እስያ የተሻገረው የ«ካፌ» ቤተሰብ ነው። ስለ ሁለቱ ስሞች አመጣጥ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ተጽፏል፤ ይሁንና ብዙው ጽሑፍ ሁለቱን ስሞች ሳይለይ ስለሚያቀርባቸው፣ የተፈታው ጥያቄ እንዳልተፈታ፣ ገና ክፍት የሆነው ደግሞ እንደተዘጋ ተደርጎ ሲነገር ይገኛል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ጥያቄዎች

የክርክሩ ዋነኛ ችግር የተክሉ መገኛ፣ የመጠጡ ልማድና የቃሉ ምንጭ እንደ አንድ ነገር መቆጠራቸው ነው። የተክሉን ጉዳይ የሚመረምሩት የዕፅዋትና የዘረመል ሊቃውንት ሲሆኑ፣ በዚህ ረገድ መልሱ ግልጽ ነው፤ አረቢካ የሚባለው ቡና ሮቡስታና ዩጂኒዮይዲስ የተባሉት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ተክል ሲሆን፣ ሰው ሳይተክለው የሚበቅልባቸው ደኖችም በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይገኛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ1964 እና 1965 የላከው የቡና ቡድን በአገሪቱ ተዘዋውሮ ብዙ ናሙናዎችን የሰበሰበውም የዝርያው ብዝኃነት እዚህ ስለሚበዛ ነው። የመጠጡ ጉዳይ ግን የታሪክ ሰነዶች ጉዳይ ነው፤ ቡና እንደ መጠጥ በሰፊው መለመዱን በእርግጠኝነት የሚያሳዩት ጽሑፎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየመን ስለነበሩ ሱፊዎች፣ ማለትም በሌሊት ጸሎትና ዚክር ስለሚተጉ የእስልምና መናንያን፣ የሚናገሩት ናቸው። የቃሉ ጉዳይ ደግሞ የሥነ ልሳን ነው፤ እሱም የራሱ የማስረጃ ሕግ አለው።

የሦስቱ መደባለቅ ምን ያህል እንደሚያሳስት የሳይንሱ ስያሜ ራሱ ይመሰክራል። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ተክሉን «አረቢካ» ያለው አውሮፓውያን ከየመን ስላገኙት ነው፤ ስሙ የሚመዘግበው የንግዱን መንገድ እንጂ የተክሉን አገር አይደለም። ስለ ፍየል ጠባቂው የሚተረከው ታሪክም እንዲሁ ነው። ታሪኩን በላቲን ጽፎ በ1671 በሮም ያሳተመው ማሮናዊው ምሁር ፋውስቱስ ናይሮን፣ እረኛውን ያስቀመጠው በየመን ሲሆን፣ የግመል ወይም የፍየል እረኛ ይለዋል እንጂ «ካልዲ» የሚል ስም አልሰጠውም፤ ስሙና የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ከዚያ በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ቀህዋ፦ ከወይን ጠጅ ወደ ቡና

«ቀህዋ» ቡና በዐረቦች ዘንድ ከመታወቁ በፊት የነበረ ቃል ነው። በጥንታዊው የዐረብኛ ግጥምና መዝገበ ቃላት ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ሲሆን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታላቁን «ሊሳን አል ዐረብ» ያዘጋጀው ኢብን መንዙር እንደሚያስረዳው፣ ጠጁ እንዲህ የተባለው የጠጪውን የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ነው። የዚህ ማብራሪያ ጥንካሬ ከሌላ ሴማዊ ቋንቋ ድጋፍ ማግኘቱ ነው፤ በዕብራይስጥ ተቀራራቢው ግሥ መደነዝን የሚያመለክት ሲሆን፣ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 31 እና በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ጎምዛዛ ወይን ስላደነዘዛቸው ጥርሶች ሲነገር ይገኛል። ስለዚህ የሥሩ መሠረታዊ ትርጉም «መደነዝ፣ መቀዝቀዝ፣ ፍላጎት ማጣት» ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሌላው አስተያየት ቃሉን ከቀለም ጋር ያያይዘዋል። ቋንቋ አጥኚው አለን ኬይ በ1986 በአሜሪካ የምሥራቃውያን ጥናት ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ቃሉ ከጠቆረ ቀለም ጋር የሚዛመድ መሆኑን ተከራክሯል፤ በዚህ አተያይ ጠጁንም ቡናውንም በአንድ ስም ያገናኛቸው የሁለቱ ጥቁረት ነው። ሁለቱ ማብራሪያዎች የግድ የሚጣሉ አይደሉም፤ ሥሩ ስለ መደንዘዝ የሚናገር ሆኖ ሳለ፣ ስሙ ከጠጅ ወደ ቡና የተዛወረው በቀለም ወይም በአጠጣጥ ሥርዓት መመሳሰል ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ «ቀህዋ» ኃይል ከሚል ትርጉም መጣ የሚለው፣ ከሥርወ ቃል ይልቅ የእምነት ትርጓሜ ነው። የየመን ሱፊዎች የ«ቀህዋ» ፊደላት የቁጥር ዋጋ 116 መሆኑን፣ ከአላህ ስሞች አንዱ የሆነው «ቀዊይ» (ኃያል) ደግሞ እኩል 116 እንደሚሆን አስተውለው፣ ስሙን በዚሁ ቁጥር ልክ እየደጋገሙ ይዘክሩ ነበር። ይህ ቃሉ ከየት እንደመጣ ባያስረዳም፣ መጠጡ በዚያ ማኅበረሰብ ምን ያህል ቅዱስ ቦታ እንደነበረው ያሳያል።

ቃሉ ከተክሉ ጋር ሳይሆን ከአፈላሉና ከአጠጣጡ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያረጋግጠው ከሁሉ የተሻለ ምስክር የዐብዱልቃዲር አል ጀዚሪ መጽሐፍ ነው። በ1558 ገደማ ቡና የተፈቀደ መሆኑን ለማስረዳት የጻፈው ይህ ሊቅ፣ ከፍሬው የሚፈላውን «ቀህዋ ቡኒያ»፣ ከገለባው የሚፈላውን «ቀህዋ ቂሽሪያ» ብሎ ይለያቸዋል፤ ከቡናው በፊት ከጫት ቅጠል ይፈላ የነበረም «ቀህዋ» እንደነበረ ይጠቅሳል። በእሱ ዘገባ መሠረት በ1470 አካባቢ ያረፈው የኤደኑ ሙሐመድ አል ዘብሓኒ ቡናን ያወቀው ወደ አፍሪቃው ጠረፍ ተሻግሮ ሲሆን፣ ለሱፊዎቹም የጫቱ ምትክ እንዲሆን አስተዋውቋል። ስለዚህ ዕቃው ከወዲህ ማዶ መጣ፤ የመጠጡ ስም ግን እዚያው ሲጠብቀው ነበር። ስሙ ከጠጅ ጋር መጋራቱ በተከታታይ ዓመታት ራሱን የቻለ ሙግት አስነሥቷል። በ1511 የመካው ሹም ኻኢር ቤይ መጠጡን ሲከለክል የቡና ስብሰባዎች ከጠጅ ቤት ጋር መመሳሰላቸው አንዱ ክስ ነበር፤ ተከላካዮቹ ደግሞ የአንድ ነገር ሕግ በባሕርይው እንጂ በስሙ አይወሰንም ሲሉ መልሰዋል።

የከፋ መላ ምት

«ኮፊ» እና «ካፌ» የሚሉት የአውሮፓ ቃላት ከከፋ አገር ስም ወጥተዋል የሚለው አስተያየት በኢትዮጵያ በስፋት የሚታመን ሲሆን፣ በትምህርት መጻሕፍትም ሆነ በጉብኝት ማስታወቂያዎች እንደ ተረጋገጠ ሐቅ ይቀርባል። ደጋፊዎቹ የሚያነሡት ነጥብ ቀላል የሚባል አይደለም። ከፋ የጫካ ቡና አገር ነው፤ እስከ 1897 ድረስ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበረው፤ ሸቀጦች በወጡበት ወይም በተጫኑበት ቦታ ሲጠሩም የተለመደ ነው፤ «ሞካ» የሚለው የቡና ስም ከየመኑ የሙኻ ወደብ የመጣ መሆኑ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የቡና ዛፍ ከከፋ እስከ ዓባይ ዳር በራሱ እንደሚበቅል ጽፏል።

የድምፅ ማስረጃው ግን ይህን መላ ምት አይደግፍም። በመጀመሪያ፣ ዐረብኛ «ከ»ም «ቀ»ም ስላሉት፣ በ«ከ» የሚጀምረውን የከፋን ስም ወደ «ቀ» የሚለውጥበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛ፣ ዐረብኛ «ፈ» ስላለው «ከፋ»ን «ቀህዋ» አድርጎ፣ ማለትም «ፈ»ን አውጥቶ «ህ» እና «ው» ጨምሮ የሚጠራበት አንዳችም የታወቀ ሕግ አይገኝም። ሦስተኛውና ወሳኙ፣ በአውሮፓ ቃላት ውስጥ ያለው «ፍ» ዘግይቶ የመጣ ድምፅ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ራውቮልፍ በሐለብ ያየውን መጠጥ በ1582 ሲጽፍ «ቻውቤ» ይለዋል፤ ጣሊያናዊው ፕሮስፔሮ አልፒኒ በ1592 «ካዎቫ» ይለዋል፤ በእንግሊዝኛ የተገኘው የ1598ቱ ጥንታዊ መዝገብም «ቻዎዋ» ነው። ከእነዚህ አንዱም «ፍ» የለበትም። ቱርኮች የዐረብኛውን «ው» ወደ «ቭ» ለውጠው «ካህቬ» አሉት፤ ከቱርክኛው «ቭ» የጣሊያንኛው «ካፌ» እና የደችኛው «ኮፊ» ተከተሉ። «ከፋ»ን ከ«ካፌ» ጋር የሚያመሳስለው ድምፅ በአውሮፓ የተወለደ ከሆነ፣ መመሳሰሉ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ነገር አይኖርም።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም መላ ምቱን ጠቅሰው ማስረጃ እንደሌለው ሲገልጹ፣ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አስፍረዋል፤ «ቀህዋ» የፍሬው ወይም የዛፉ ስም ሆኖ አያውቅም፣ የፍሬው ስም «ቡን» ነው። ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል፤ ሸቀጥ በአገሩ ስም ሲጠራ ስሙን የሚወስደው ተጭኖ የሚሄደው ዕቃ፣ እዚህ ላይ ፍሬው፣ መሆን ነበረበት። የከፋን የቡና ክብር ለማስጠበቅ ይህን ሥርወ ቃል የሙጥኝ ማለት አያስፈልግም፤ ክብሩ በደኑና በተክሉ ላይ በጽኑ የቆመ ሲሆን፣ ደካማ ማስረጃ ሲታከልበት ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ቃሉ በደረሰበት ሁሉ

«ቀህዋ» በቋንቋዎች መካከል ሲጓዝ ትርጉሙ እንዳልረጋ ማየት ይቻላል። በግብፅ ዐረብኛ መጠጡንም የሚጠጣበትን ቤትም ያመለክታል፤ ፈረንሳይኛው «ካፌ»ም እንዲሁ። በቱርክኛ ቁርስ «ካህቫልቲ» ይባላል፤ ከቡና በፊት የሚቀመስ ምግብ ማለት ነው። በኢራን የቡና ቤት ተብሎ የሚጠራው ባህላዊ ቤት ዛሬ የሚቀዳበት ሻይ ነው። በካሽሚር ደግሞ «ካህዋ» ሳፍሮንና ቅመም የገባበት አረንጓዴ ሻይ ሆኗል፤ ቡና ከመጠጡ ፈጽሞ ወጥቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። በርካታ ቋንቋዎችም የቀለም ስም አውጥተውበታል፤ የአማርኛው «ቡናማ»፣ የቱርክኛው «ካህቬሬንጊ» እና የስዋሂሊው «ካሃዊያ» አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ በተመሳሳይ መንገድ የተፈጠሩ ናቸው።

በሩቅ ምሥራቅ የተሰራጨው የአውሮፓው ቅርጽ ሲሆን፣ የማን መርከብ እንዳመጣው ከድምፁ ይታወቃል፤ የኢንዶኔዥያው «ኮፒ» እና የጃፓኑ «ኮሂ» ከደችኛ፣ የቬትናሙ «ካፌ» ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ለዘዴው ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን ፊንላንድኛ ነው። «ካህቪ» የሚለውን የፊንላንድ ቃል ያየ ሰው ከቱርክኛው «ካህቬ» በቀጥታ የመጣ ይመስለዋል፤ በእርግጥ የመጣው ግን ከስዊድንኛው «ካፌ» ሲሆን፣ ፊንላንድኛ በጥንቱ ድምፆቹ ውስጥ «ፍ» ስላልነበረው የጠበቀውን «ፍ» በ«ህቭ» ተካው። መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን እንደማያረጋግጥ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ የ«ከፋ» እና የ«ካፌ» መመሳሰልም መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።

ከሁለቱም ቤተሰቦች ውጭ የቀሩ ጥቂት ስሞች አሉ። የአርመንኛው «ሱርች» ብዙ ጊዜ «ጥቁር ውኃ» ከሚል ሐረግ እንደወጣ ይተረጎማል። በኡጋንዳ የሉጋንዳ ተናጋሪዎች ቡናን «ኤምዋኒ» ይሉታል፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ሕዝቦች የሮቡስታን ፍሬ ማኘክ ከጥንት የለመዱ በመሆናቸው፣ ለፍሬው የራሳቸው የባንቱ ስም አላቸው። በኢትዮጵያም ቢሆን የወላይትኛና የጋሞኛ «ቱኬ» ከ«ቡን» ጋር የማይገናኝ ቃል ነው።

ቡን፦ ማን ከማን ተዋሰው?

አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ «ቡና»፣ ትግርኛ፣ ሐረሪኛና ሶማሊኛ «ቡን»፣ ከፍኛና ጌዴኦኛ «ቡኖ»፣ ዐረብኛ «ቡን» (ኑ ጠብቆ)፣ ስዋሂሊ «ቡኒ» ይላሉ። ከስዋሂሊ በቀር ሁሉም አፍሮኤሽያዊ በሚባለው ታላቅ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ቢቆጠሩም፣ ሴማዊ፣ ኩሻዊና ኦሞአዊ የሚባሉት ቅርንጫፎቹ የተለያዩት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ቃሉ ከዚያ ዘመን የተወረሰ ቢሆን ኖሮ ድምፁ በየቋንቋው ሕግ መሠረት ተለያይቶ በተገኘ ነበር፤ እንዲህ ተመሳስሎ መገኘቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛመተ ውሰት መሆኑን ያመለክታል። ክርክሩ ያለው በአቅጣጫው ላይ ነው።

ከዐረብኛ ወደ ኢትዮጵያ መጣ የሚሉት ወገኖች የሚጠቅሱት አንደኛው ነገር የጽሑፍ ቀዳሚነት ነው። በ925 ያረፈው አር ራዚ እና በ1037 ያረፈው ኢብን ሲና «ቡንክ» ስለሚባል መድኃኒት ጽፈዋል፤ ራውቮልፍ የገበያውን «ቡኑ» ከእነሱ ቃል ጋር አንድ ካደረገ ወዲህ፣ ይህ ቡና ነው የሚለው አስተያየት በመጽሐፍ ላይ መጽሐፍ ሲደገም ኖሯል። ሆኖም ኢብን ሲና የሚገልጸው ከየመን የሚመጣ፣ ቆዳን የሚያጠራና ለሰውነት መልካም ጠረን የሚሰጥ ነገር ሲሆን፣ ከግራር ዓይነት ሥር ይገኛል የሚሉ መኖራቸውንም ያነሣል። መጨረሻው ላይ ያለው «ክ»ም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ የ«ቡንክ» ማስረጃ ክርክሩን ሊሸከም አይችልም። ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ዐረብኛ ከቡና በፊት «በና» የሚል ጠረንን የሚያመለክት ቃል ነበረው፣ በመካከለኛው ዘመን የምግብ መጻሕፍትም «ቡን» ከሻገተ ገብስ የሚዘጋጅ ማጣፈጫ ስም ነበር። ስለዚህ ሽታው የሚያውድ ፍሬ በዐረብኛ ውስጥ ራሱን የቻለ ስም ሊያገኝ መቻሉ ሊካድ አይገባም።

ከኢትዮጵያ ወደ ዐረብኛ ሄደ የሚሉት ደግሞ ከተክሉ መገኛ ይነሣሉ፤ ይህ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ከላይ ታይቷል። ጠንካራው ማስረጃቸው የትርጉም ስፋት ነው። በዐረብኛ «ቡን» ፍሬውንና ዛፉን ብቻ ይመለከታል፤ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ግን ዛፉም፣ ፍሬውም፣ መጠጡም፣ ምግቡም ቡና ነው። በቦረናና በጉጂ ኦሮሞዎች ዘንድ «ቡና ቀላ»፣ ማለትም የታረደ ቡና፣ ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ በሥርዓትና በምርቃት የሚበላ ሲሆን፣ ብሩስም የኦሮሞ ዘማቾች በቅቤ የተለወሰ ቡና ለስንቅ ይይዙ እንደነበር ጽፏል። ይህ ቡናን የመብላት ልማድ ከየመኑ መጠጥ የመጣ ሊሆን አይችልም። ደግሞም የዐረብ ነጋዴዎች መጠጡን ወደ ስዋሂሊ ጠረፍ ሲወስዱ ሁለቱንም ቃላት አብረው ወስደዋል፤ እዚያ ፍሬው «ቡኒ»፣ መጠጡ «ካሃዋ» ነው። በኢትዮጵያ ግን ብዙዎቹ ቋንቋዎች «ቀህዋ»ን አልፈለጉትም።

ይህን መከራከሪያ የሚያላላ አንድ ሐቅ አለ። በጉራጌኛ ቋንቋዎች ቡና «ቃዋ» ይባላል፤ ይህም የዐረብኛው የመጠጥ ስም በሙስሊም ነጋዴዎች በኩል ወደ መሀል አገር ዘልቆ እንደነበር ያረጋግጣል። የቡና አፈላል ሥርዓቱም ከዚሁ አቅጣጫ አሻራ ይዟል፤ «አቦል» መጀመሪያ ከሚለው ዐረብኛ «አወል»፣ «በረካ» በረከት ከሚለው «በረካ» ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ «ቶና» ሁለተኛ ከሚለው የዐረብኛ ቃል መምጣቱ የድምፅ ማብራሪያ ይጎድለዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና የሙስሊሞች መጠጥ ነው ተብሎ ይወገዝ እንደነበርና እገዳው የላላው በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ መሆኑም ሲታሰብ፣ በአማርኛና በትግርኛ የቃሉ መስፋፋት ከኦሮምኛና ከከፍኛ ታሪክ ተለይቶ መመርመር ይኖርበታል።

የድምፁ አቀማመጥም ሁለት ወገን የሚከፍል ይመስላል። በተናባቢ የሚጨርሱት ቅርጾች፣ የትግርኛ፣ የሐረሪኛና የሶማሊኛው «ቡን»፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ለዐረብኛ ቅርብ በሆኑ አገሮች ይገኛሉ፤ በአናባቢ የሚጨርሱት ደግሞ ቡናው በሚበቅልበት በደቡብና በምዕራብ ናቸው። አማርኛ በመካከል ቆሟል፤ እንደ ኦሮምኛ በአናባቢ ይጨርሳል፣ እንደ ዐረብኛ ግን «ና»ን ያጠብቃል። ከዚህ ክፍፍል ተነሥቶ ቃሉ ከደቡብ ምዕራብ ወጥቶ በባሕሩ ዳር ቅርጹን ለወጠ ማለትም፣ ከባሕሩ ገብቶ በየቋንቋው የስም መጨረሻ ተቀበለ ማለትም ይቻላል፤ ምክንያቱም የኦሮምኛው «አ» እና የከፍኛው «ኦ» በውሰት ቃላት ላይም የሚጨመሩ ናቸው። ሚዛኑ ወደ ኢትዮጵያ ምንጭነት ቢያጋድልም፣ ያጋደለው በልማዱና በትርጉሙ ስፋት እንጂ በድምፁ አይደለም።

ፍርዱን ሊያቀርብ የሚችለው ማስረጃ ያለው በጎንጋ ቋንቋዎች ነው። ከፍኛ፣ ሸክኛ፣ አንፊሎኛና ሺናሽኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሲሆኑ፣ የሺናሻ ሕዝብ ከዘመዶቹ ተለይቶ በዓባይ አካባቢ ከሰፈረ ዘመናት አልፈዋል። የአራቱ ቋንቋዎች የቡና ስም ከቤተሰቡ መደበኛ የድምፅ ለውጦች ጋር ከተስማማ፣ ቃሉ ሕዝቦቹ ከመለያየታቸው በፊት የነበረ በመሆኑ የየመኑን የመጠጥ ልማድ የመቅደሙ ዕድል ይሰፋል፤ የሺናሽኛው ከአጎራባቹ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ የተቀዳ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የከፍኛው «ቡኖ»ም ዕድሜ እንደገና መጠየቅ ይኖርበታል። ከዚህ ጎን ለጎን የወላይትኛና የጋሞኛ «ቱኬ» መመርመር አለበት፤ ለቡናው ደን ቅርብ የሆኑ ኦሞአዊ ቋንቋዎች የ«ቡን»ን ስም ካልያዙ፣ ቃሉ በኦሞአዊው ቅርንጫፍ ውስጥ የጥንት ነው ወይስ ከኩሻዊ ጎረቤት የገባ የሚለው ጥያቄ ከዐረብኛው ጥያቄ በፊት መነሣት ይኖርበታል።